የነርሲንግና የአጋር ጤና ሙያ ተመራቂዎች የሙያ ዘመን ገቢ እንዴት ይሰላል?

ነርሲንግ፣ ሚድዋይፍሪ፣ ሜዲካል ላቦራቶሪ፣ ራዲዮግራፊ፣ ፊዚዮቴራፒ ወይም ከእነዚህ ጋር የሚቀራረብ የጤና ሙያ ለመማር የሚያስቡ ወጣቶችም ሆኑ ወላጆቻቸው ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት «ሲመረቁ ስንት ይከፈላቸዋል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም መልሱ የሚነግረን የአንድን ዓመት ገቢ ብቻ ሲሆን፣ ሙያው ግን 30 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚሠራበት ነው። ተማሪዎችን በሙያ ምርጫ ሳማክር ደጋግሜ ያየሁት ነገር፣ በመነሻ ደመወዝ ጥቂት የሚበልጠውን ዘርፍ የመረጠ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ እርከኑ አልቆበት ባለበት ቆሞ መገኘቱን ነው፤ በመነሻው አንሶ የታየው ዘርፍ ደግሞ እስከዚያው ሁለት ጊዜ የደረጃ ዕድገት ሰጥቶ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምገልጸው የሙያ ዘመን ገቢን ከመጀመሪያው ዓመት እስከ ጡረታ ድረስ እየተከታተሉ የማስላትን ሥራ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ወይም ሰፊ ወረቀት፣ ሊሠሩበት ያሰቡበት አገር የደመወዝ ስኬል እና ሁለት ሦስት ሰዓት የሚሆን ትዕግሥት ነው።

ከዲግሪው ስም ይልቅ የሥራ መደቡን ይያዙ

ደመወዝ የሚከፈለው ለሥራ መደብ ነው። አንድ ዓይነት የነርሲንግ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች በተኝቶ ሕክምና ክፍል፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በፅኑ ሕሙማን ክፍል፣ በትምህርት ቤት ጤና፣ በማስተማር ወይም በጤና መድን ድርጅት ሰነድ በመመርመር ሥራ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ የሚከፈላቸውም በዚያው ልክ ይለያያል። አጋር የጤና ሙያዎች የሚባሉት ደግሞ ከነርሲንግ ይልቅ የተራራቁ ናቸው፤ በጥቂት ዓመታት ሥልጠና የሚገባባቸውና እስከ ዶክትሬት ድረስ የሚያስጠይቁ ሙያዎች በዚህ አንድ ስም ሥር ተሰብስበዋል።

በመሆኑም ለሚያስቡት ሙያ ሦስት የሥራ መደቦችን ይጻፉ፦ አዲስ ተመራቂ የሚቀጠርበትን፣ የአሥር ዓመት ልምድ ያለው ሰው በተለመደው ሁኔታ የሚገኝበትን እና ሙያውን ሳይለቅ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛውን መደብ። የመጀመሪያውን ማግኘት ቀላል ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለማግኘት ስምንትና አሥር ዓመት ልምድ የሚጠይቁ የቅጥር ማስታወቂያዎችን ለጥቂት ሳምንታት መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሙያው አንድም እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ካላጋጠመዎት፣ ይህ ራሱ ስለ ሙያው የዕድገት መሰላል የሚናገረው ነገር አለ።

የደመወዝ ሠንጠረዥን አነባበብ

በዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው የተሳሳተ ስሌት የሚጀምረው ትክክለኛ ቁጥርን በተሳሳተ መንገድ ከማንበብ ነው።

መጀመሪያ የቀረበልዎት ቁጥር አማካይ ይሁን ሜዲያን ይለዩ። አምስት ሠራተኞች 40፣ 42፣ 45፣ 48 እና 125 ቢያገኙ አማካዩ 60 ይሆናል፤ ነገር ግን ከአምስቱ አራቱ ከዚህ በታች ነው የሚያገኙት። ሜዲያኑ፣ ማለትም ደመወዞቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘው፣ 45 ነው፤ የተለመደውን ሠራተኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚገልጸውም እሱ ነው። ጥቂት ከፍተኛ ተከፋዮች ባሉበት በጤናው ዘርፍ ውስጥ ሁልጊዜ ሜዲያኑን ይፈልጉ።

ቀጥሎ ከሜዲያኑ ግራና ቀኝ ያለውን ስፋት ይመልከቱ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለግንቦት 2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው አሃዝ መሠረት የተመዘገቡ ነርሶች ሜዲያን ዓመታዊ ደመወዝ 93,600 ዶላር ሲሆን፣ ዝቅተኛ ተከፋይ የሆኑት 10 በመቶዎቹ ከ66,030 ዶላር በታች፣ ከፍተኛ ተከፋይ የሆኑት 10 በመቶዎቹ ደግሞ ከ135,320 ዶላር በላይ ያገኛሉ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ወደ 69,000 ዶላር ይጠጋል። በዚያው ዓመት የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ሜዲያን 77,660 ዶላር ነበር፤ ይህም ከነርሶቹ ሜዲያን የሚያንሰው በ15,940 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ሙያ ውስጥ ያለው ልዩነት በሁለት ሙያዎች መካከል ካለው ልዩነት ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። «ነርስ ልሁን ወይስ ራዲዮግራፈር?» የሚለው ምርጫ ትርጉም አለው፤ ሆኖም ነርስ ከሆኑ በኋላ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ተቋምና በምን ደረጃ እንደሚሠሩ የሚወስነው ምርጫ በገቢዎ ላይ ይበልጥ ይከብዳል።

ሜዲያን የመነሻ ደመወዝ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። በዚያ ቁጥር ውስጥ የአንድ ዓመት ጀማሪና የ35 ዓመት አንጋፋ አብረው ተቆጥረዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ከሜዲያኑ በታች ያለውን፣ ከተቻለም የታችኛውን 25 በመቶ ወሰን መውሰድ ይሻላል።

በመጨረሻም ቁጥሩ ምን እንዳካተተና ምን እንዳስቀረ ይጠይቁ። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ አሃዝ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና ለሌሊትና ለበዓል ተራ የሚታከለውን ክፍያ አያካትትም፤ የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩትንም አይቆጥርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓመታዊው ደመወዝ የተገኘው የሰዓት ክፍያውን በ2,080 ሰዓት፣ ማለትም በሳምንት 40 ሰዓት ለ52 ሳምንታት በማባዛት ነው። የነርሶቹ ሜዲያን በሰዓት 45 ዶላር ነው፤ በ2,080 ሲባዛ 93,600 ይሆናል። ይሁን እንጂ በሳምንት ሦስት የ12 ሰዓት ተራ የምትሠራ ነርስ የምትሠራው 36 ሰዓት ነው፤ በዓመት 1,872 ሰዓት ስለሚሆን መደበኛ ደመወዟ 84,240 ዶላር ነው። ከሠንጠረዡ በ9,360 ዶላር የሚያንሰው ይህ ገቢ ማንም የቀነሰባት አይደለም፤ የሰዓቱ አቆጣጠር የፈጠረው ልዩነት ነው። የሰዓት ክፍያን ይዞ መነሣትና በራስ የሥራ ሰዓት ማባዛት ከእንዲህ ያለው ስህተት ያድናል።

መነሻው፣ እርከኑና ጣሪያው

የሙያ ዘመን ገቢን የሚወስነው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። መንግሥታዊ በሆኑ የጤና ሥርዓቶች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ደረጃና እርከን የተቀመጠለት ስኬል አለ፤ ሠራተኛው በአንድ ደረጃ ውስጥ ባሉት እርከኖች በአገልግሎት ዘመን ይወጣና ጣሪያው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ የሚሄደው ወደ ሌላ ደረጃ ሲያድግ ብቻ ነው።

ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የብሪታንያው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ከ2004 ጀምሮ የሚጠቀምበት፣ «አጀንዳ ፎር ቼንጅ» የተባለው ስኬል ነው። በእንግሊዝ አዲስ ተመራቂ ነርስ፣ ራዲዮግራፈር፣ ፊዚዮቴራፒስትም ሆነ የላቦራቶሪ ባለሙያ በተለመደው አሠራር የሚጀምረው በ5ኛው ደረጃ ነው። በ2024/25 የበጀት ዓመት የዚህ ደረጃ መነሻ 29,970 ፓውንድ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 32,324 ፓውንድ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ 36,483 ፓውንድ ነበር። ጣሪያው ይኸው ነው፤ ማለትም በ22 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው ወደ 6ኛው ደረጃ ካላደገ በ26 ዓመቱ የእርከን ጭማሪው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ስኬሉ በአጠቃላይ ሲሻሻል የሚደርሰውን ብቻ ነው። የ6ኛው ደረጃ መነሻ 37,338፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 39,405፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 44,962 ፓውንድ ነበር።

እስኪ ስኬሉ ሳይለወጥ ይቆያል ብለን ሁለት ሰዎችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው 30 ዓመት ሙሉ በ5ኛው ደረጃ ቢቆይ፣ ሁለት ዓመት በ29,970፣ ሁለት ዓመት በ32,324 እና 26 ዓመት በ36,483 ሠርቶ በድምሩ 1,073,146 ፓውንድ ያገኛል። ሁለተኛው በዚያው ደመወዝ ጀምሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ 6ኛው ደረጃ ቢያድግና እዚያው ቢቀር፣ ድምሩ 1,286,957 ፓውንድ ይሆናል። ልዩነቱ 213,811 ፓውንድ ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ስድስት ዓመት ገደማ በጣሪያ ደመወዙ ቢሠራ የሚያገኘውን ያህል ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች በተቀጠሩበት ዕለት የሚከፈላቸው ግን እኩል ነበር።

ይህ በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ ንጽጽር አይደለም። በዚያው ሥርዓት ውስጥ አዋላጅ ነርሶችና የአምቡላንስ ፓራሜዲኮች የመጀመሪያውን የማጠናከሪያ ጊዜ በሚገባ ሲጨርሱ ወደ 6ኛው ደረጃ የሚሸጋገሩበት አሠራር አለ፤ የተኝቶ ሕክምና ክፍል ነርስ ግን ክፍት መደብ ወጥቶ፣ ተወዳድራ ማሸነፍ ይጠበቅባታል። ስለዚህ ስለ አንድ ሙያ ሲያጣሩ ከመነሻ ደመወዙ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «ወደሚቀጥለው ደረጃ መሸጋገሩ በአገልግሎትና በብቃት የሚመጣ ነው ወይስ ክፍት መደብ የሚጠብቅ?» የሚል መሆን አለበት። በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው ጥያቄ የለም፤ የሚጠይቀው ሰው ግን እምብዛም ነው።

የእርከን ስኬል በሌለባቸው የግል ተቋማት ደግሞ በዓመታዊ የጭማሪ መጠን ማሰብ ይቻላል። አንዱ ሙያ በ110 ጀምሮ በየዓመቱ 1.5 በመቶ ቢጨምር፣ ሌላው በ100 ጀምሮ 3 በመቶ ቢጨምር፣ ሁለተኛው በዓመታዊ ደመወዝ የመጀመሪያውን የሚቀድመው በ8ኛው ዓመት ነው፤ በጠቅላላ ድምር የሚቀድመው በ14ኛው ዓመት ሲሆን በ30ኛው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያው 4,129፣ ሁለተኛው 4,758 ይሆናል። ከ14 ዓመት በፊት ሙያውን የመተው ሐሳብ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ አልተሳሳተም፤ ሊቆይበት የሚያስብ ግን በሁለተኛው ይጠቀማል።

ሌሊት፣ እሑድና የትርፍ ሰዓት

ጤና ተቋም ሌሊቱንም ቀኑንም ክፍት ስለሆነ የዱቲ፣ ማለትም ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የሚሠራ ተራ፣ ክፍያ የገቢው ትልቅ ክፍል ይሆናል። ከላይ በጠቀስኩት የእንግሊዝ ስኬል ከ4ኛ እስከ 9ኛ ደረጃ ላሉ ሠራተኞች ለቅዳሜና ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ሰዓት 30 በመቶ፣ ለእሑድና ለሕዝብ በዓላት 60 በመቶ ይታከላል። የሙሉ ጊዜ ሥራው በሳምንት 37.5 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 12 ሰዓቱ በሌሊት ወይም በቅዳሜ፣ 7.5 ሰዓቱ በእሑድ ቢውል ተጨማሪው ክፍያ የ8.1 መደበኛ ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ይህም በደመወዙ ላይ 21.6 በመቶ ይጨምራል። በአንጻሩ በተመላላሽ ክሊኒክ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት በዚያው ደረጃ ላይ ሆኖ ከዚህ ምንም ላያገኝ ይችላል።

ይህን ገቢ በሠንጠረዥዎ ላይ ለብቻው በሆነ ዓምድ ይመዝግቡ እንጂ ከመደበኛው ደመወዝ ጋር አይደምሩት። ምክንያቱም ከመደበኛው ደመወዝ በተለየ ሁኔታ ዕድሜ ሲገፋ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ጤና ሲጓደል ወይም ወደ አስተባባሪነት ሥራ ሲዛወሩ የሚቀር ገቢ ነው። ለአስተባባሪነት ያደገች ነርስ ዱቲው ሲቀርባት የወር ገቢዋ ከበፊቱ አንሶ ማግኘቷ የተለመደ ነገር ነው፤ ቀድሞ ያልተሰላ ከሆነ ዕድገቱን ቅጣት ያስመስለዋል። በዚህ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሰውነትን ሰዓት የሚያዛባ የተራ ሥራን በ2007፣ የሌሊት ተራ ሥራን ደግሞ በ2019 «ለካንሰር ሊያጋልጡ ይችላሉ» ተብለው ከሚገመቱት መካከል መድቧል። በሌሊት የሚገኘው ተጨማሪ ገንዘብ የሰውነት ዋጋ ጭምር እንደሆነ ታስቦ ይወሰድ። እኔ በግሌ ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ ያሉትን ዓመታት የዱቲ ገቢ በግማሽ ቀንሶ መገመትን እመርጣለሁ።

ተጨማሪ የትምህርት ዓመታት መቼ ይከፍላሉ?

ብዙ መማር ሁልጊዜ ብዙ ያስገኛል የሚለው እምነት በጤና ሙያዎች ውስጥ እየተመረመረ ሊወሰድ ይገባል። በዚያው በ2024ቱ የአሜሪካ አሃዝ የፊዚዮቴራፒስቶች ሜዲያን 101,020 ዶላር፣ የጥርስ ንጽህና ባለሙያዎች 94,260 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ሙያ በዚያች አገር ከባችለር ዲግሪ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ የሚወስድ የዶክትሬት ትምህርት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት በሚፈጅ የኮሌጅ ትምህርት የሚገባበት ነው። በመካከላቸው የአራት ዓመት ልዩነት አለ ብንልና የጥርስ ንጽህና ባለሙያው በእነዚህ አራት ዓመታት ከሜዲያኑ በአንድ ሦስተኛ ያነሰ ደመወዝ ቢያገኝ እንኳ፣ 251,360 ዶላር ይዞ ይጠብቃል። በዓመት 6,760 ዶላር ብቻ የሚበልጠው ፊዚዮቴራፒስት ይህን ለማካካስ 37 ዓመት ያስፈልገዋል፤ የትምህርት ክፍያውና የብድሩ ወለድ ገና አልተቆጠሩም።

ሆኖም ይህን ስሌት ከማመን በፊት ወደ ቀደመው ነጥብ መመለስ ይገባል፦ በጥርስ ንጽህና ሙያ ብዙዎች የሚሠሩት በትርፍ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በ2,080 ሰዓት የተባዛው ዓመታዊ ቁጥር በእጃቸው የሚገባውን አያሳይም። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሥራ የሚገኝ ከሆነ የንጽጽሩ ውጤት ይገለበጣል። በሌላ በኩል ፊዚዮቴራፒስት የራሱን ክሊኒክ ከፍቶ የሚያገኘው በሠንጠረዡ ውስጥ የለም።

ትምህርቱ በግልጽ የሚከፍልበት ተቃራኒ ምሳሌም አለ። በዚያው ዓመት የአኔስቴዥያ (የማደንዘዣ) ነርሶች ሜዲያን 223,210 ዶላር ነበር። ወደዚህ ለመግባት የተመዘገበች ነርስ መሆን፣ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ቢያንስ የአንድ ዓመት ልምድ መያዝና ሦስት ዓመት ገደማ ሙሉ ጊዜ መማር ይጠይቃል። ሦስቱን ዓመታት ያለ ደመወዝ ማሳለፍ በነርስ ሜዲያን ሲሰላ 280,800 ዶላር ያሳጣል፤ ዓመታዊው ብልጫ ግን 129,610 ዶላር ስለሆነ የታጣው ደመወዝ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ይመለሳል፤ ቀሪው ጊዜ የትምህርት ክፍያውን የሚሸፍን ይሆናል።

ለራስዎ ሁኔታ ስሌቱ ቀላል ነው፦ በትምህርት ምክንያት የሚቀረውን ደመወዝና የትምህርት ወጪውን ደምረው፣ ከትምህርቱ በኋላ በሚጨምረው ዓመታዊ ገቢ ያካፍሉ። ዓመታዊ ደመወዝ 100 ሆኖ፣ የሁለት ዓመት ማስተርስ ሥራ አስለቅቆ ወጪው 60 ቢሆንና ከዚያ በኋላ ደመወዙን በ30 ቢያሳድግ፣ 260 ለ30 ሲካፈል ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ያንኑ ትምህርት ለሦስት ዓመት 70 በመቶ እየሠሩ ቢማሩት የሚቀረው ደመወዝ 90 ብቻ ስለሚሆን በአምስት ዓመት ይመለሳል። በ28 ዓመት ዕድሜ ሁለቱም ያዋጣሉ፤ በ50 ዓመት ዕድሜ የመጀመሪያው ለገንዘብ ተብሎ የሚደረግ አይደለም።

ሙያዎች የመግቢያ መስፈርታቸውን ከጊዜ ወደ ጊዜ እንደሚያሳድጉም ይታሰብ። በአሜሪካ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ወደ አኔስቴዥያ ነርስነት ትምህርት የሚገቡ ሁሉ የሚማሩት በዶክትሬት ደረጃ ነው፤ ከዚያ በፊት ማስተርስ ይበቃ ነበር። እንዲህ ያለው ለውጥ ሲመጣ የትምህርቱ ወጪ ወዲያውኑ ይጨምራል፤ ደመወዙ ግን በዚያው ፍጥነት ላይጨምር ይችላል።

የሚቋረጡና የሚጎድሉ ዓመታት

ሠላሳ ሙሉ ዓመታት ሳያቋርጥ የሚሠራ ሰው ብዙ አይደለም። ለስድስት ዓመት በ60 በመቶ ሰዓት የሠራች ባለሙያ የ2.4 ዓመት ደመወዝ ይቀርባታል፤ በዚህ ላይ የዕድገት ውድድሩ በዚያው ጊዜ ውስጥ ከተካሄደ ጉዳቱ እስከ ጡረታ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2022 በጋራ ባወጡት ሪፖርት በጤናና እንክብካቤ ዘርፍ ሴቶች ከወንዶች የሚያንሰው ክፍያቸው ዕድሜ፣ ትምህርትና የሥራ ሰዓት ተገናዝበው ሲታዩ 24 በመቶ ገደማ ደርሷል፤ ከዘርፉ ሠራተኞች 67 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች በሆኑበት ሁኔታ ይህ እጅግ የሚያሳዝን ነው። አንዲት ሴት ተማሪ በሠንጠረዥዋ ላይ ይህን ክፍተት እንደ ዕጣ ፈንታ መጻፍ የለባትም፤ ነገር ግን የወሊድ ፈቃድ፣ ከወሊድ በኋላ ወደ ቀድሞ መደብ የመመለስ መብትና በከፊል ሰዓት እየሠሩ እርከን የማግኘት ደንብ በየተቋሙ ምን እንደሚመስል አስቀድማ መጠየቅ ይገባታል።

ታካሚን ማንሳትና ማገላበጥ ያለበት ሥራ ወገብን ይጎዳል፤ ስለሆነም በነርሲንግና በፊዚዮቴራፒ ስሌት ላይ ከ30 ዓመት ሁለት ሦስት ዓመት ቀንሶ ማሰብ ጥንቃቄ ነው። ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የሚያስብ ደግሞ የሙያ ፈቃድ እስኪያገኝ የሚያልፈውን ጊዜ፣ የፈተናና የሰነድ ማረጋገጫ ወጪውን ጨምሮ፣ በረዳትነት ደመወዝ ያስላው።

የተጣራው፣ ጡረታውና የዋጋ ንረቱ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ያልተጣራ ደመወዝ ነው። ግብርና የጡረታ መዋጮ ሲቀነሱ የሚቀረውን ይያዙ፤ የፈቃድ ዕድሳት፣ የሙያ ማኅበር ክፍያና የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና በሠራተኛው ኪስ የሚሸፈኑ ከሆነ እነሱንም ይቀንሱ። በተቃራኒው አሠሪው የሚከፍለው የጡረታ ድርሻ ገቢ ነው፤ በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ይህ ድርሻ ከደመወዙ 20 በመቶ በላይ ስለሆነ፣ በመነሻ ደመወዝ 10 በመቶ የሚበልጥ የግል ድርጅት ያለ ጡረታ ቢቀጥር በእውነቱ ያነሰ እየከፈለ ነው። የዋጋ ንረት 5 በመቶ ሆኖ ደመወዝ 4 በመቶ ከጨመረ የመግዛት አቅም ወረደ እንጂ አላደገም፤ ስለዚህ ዓመታዊ ጭማሪን የምታስገቡት ንረቱ ከተቀነሰ በኋላ ያለውን ይሁን።

ሠንጠረዡን መሙላት

አሁን ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ረድፍ ይክፈቱ፤ ትምህርት ላይ ያሉበትን ዓመታትም ሳይዘልሉ በአሉታዊ ቁጥር ያስገቡ፤ ምክንያቱም የሚነጻጸሩት ሙያዎች ሁሉ መጀመር ያለባቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ካጠናቀቁበት ዓመት ነው። በየረድፉ የሥራ መደቡን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የሰዓት ክፍያውን፣ የዱቲ ገቢውን፣ ተቀናሹንና የአሠሪውን የጡረታ ድርሻ ይጻፉ፤ በመጨረሻው ዓምድ እስከዚያ ዓመት የተጠራቀመውን ድምር ያኑሩ።

ይህንኑ ሦስት ጊዜ ይሥሩት። በመጀመሪያው ስሌት የደረጃ ዕድገት አንድም ጊዜ እንዳላገኙ ይቁጠሩ፤ በሁለተኛው በሙያው የተለመደውን ዕድገት፣ በሦስተኛው መልካሙን ሁሉ ያስገቡ። ሙያዎችን የማነጻጽረው በመጀመሪያው ስሌት ነው ብል ተስፋ አስቆራጭ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ዕድገት በብዙ ተቋማት ክፍት መደብ የሚጠብቅ በመሆኑ፣ ሳያድጉም የሚያኖር ሙያ የተሻለ መሠረት አለው ብዬ አምናለሁ።

ሩቅ ያለ ገንዘብ ዛሬ ካለው ያነሰ ዋጋ ስላለው የየዓመቱን ገቢ በቅናሽ ማስላትም ይጠቅማል። በዓመት 4 በመቶ ቅናሽ ቢወሰድ ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ዛሬ የሚመዝነው 45.6 ብቻ ነው። ይህ ስሌት ረጅም ትምህርት የሚጠይቁትን ሙያዎች ዝቅ፣ ቶሎ ሥራ የሚያስይዙትን ከፍ ያደርጋል፤ በተለይ ቤተሰብ የማገዝ ኃላፊነት ላለበት ተማሪ የሚስማማው ይኸኛው ነው። ከዚያም ጠቅላላ ድምሩን በሙያ ዘመኑ በሚሠሩት ጠቅላላ ሰዓት ያካፍሉት፤ በዓመታዊ ደመወዝ የሚበልጥ የመሰለ ሙያ ብልጫውን ያገኘው በትርፍ ሰዓት ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ በሙያው አሥር ዓመት የሠሩ ቢያንስ ሦስት ሰዎችን አግኝተው ያሳዩ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ሙያውን የለቀቀ ቢሆን መልካም ነው። የመጨረሻ የእርከን ጭማሪያቸው በስንተኛው ዓመት እንደቆመ፣ ለዕድገት ስንት ጊዜ ተወዳድረው ስንት ጊዜ እንዳገኙ፣ ከወር ገቢያቸው ምን ያህሉ ከዱቲ እንደሚመጣና የከፈሉበት ሥልጠና የትኛው ደመወዝ እንደጨመረላቸው ይጠይቋቸው። ደመወዛቸውን በቀጥታ መጠየቅ የሚያሳፍር ቢሆን እንኳ እነዚህን ጥያቄዎች አብዛኛው ባለሙያ በደስታ ይመልሳል፤ መልሳቸው ከጻፉት ጋር በማይገጥምበት ረድፍ ላይ የራስዎን ግምት ሰርዘው የእነሱን ያስገቡ።